ከተረፈ በኋላ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የሐርላን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ሐርላ ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገበሬ መንደር ናት። ድሮ እዚያ ምድር ላይ ግዙፎች ይኖሩ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ምስክሩ ደግሞ ድንጋዩ ነው። ያን የሚያህል የግንብ ድንጋይ ተራ ሰው ከየት አንሥቶ ከየት ያደርሰዋል? ያነሡት ወገባቸው እንደ ዋርካ የወፈረ ግዙፎች መሆን አለባቸው!

በኋላ አርኪዮሎጂስቶች መጡ። በእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ቆፈረ። በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ይፋ የሆነው ግኝት ጉድ የሚያሰኝ ነበር። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ሥፍራ፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ዛጎል፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም ተገኘ። ግዙፎቹ ግን አልተገኙም። ፕሮፌሰሩ የግዙፎቹን ነገር ቁፋሮው ውድቅ እንዳደረገው ገልጸው፣ የመንደሩ ሰዎች ግን ገና ሙሉ በሙሉ ያመኗቸው እንደማይመስላቸው ተናግረዋል።

እኔ በመንደሩ ሰዎች አልፈርድም። ትልቅ ነገር ስናይ ትልቅ ጀርባ ያለው ሰው መፈለግ የሁላችንም ጠባይ ነው። ቋንቋችንንም እዩት። ችግር ሲደርስብን «ወገቤን!» እንላለን። ተስፋ ያሳጣን ነገር «ወገቤን ቆረጠው» ይባላል። ኢኮኖሚው «የጀርባ አጥንት» አለው፤ ድርጅቱም አለው። የሰውን ብርታት ሁሉ ጀርባው ላይ ጭነነዋል። ያ ጀርባ ግን አንድን ሰው የሚያቆመው ከትንሿ ጣት በማይወፍር የነርቭ ገመድ ነው። ገመዱ ከአንጎል ወርዶ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያልፋል። እሱ ከተጎዳ ግዙፍም ሆነ ድንክ እኩል ይወድቃል። ዛሬ ልጽፍ ያሰብኩት ስለዚህ ነው፤ ከወደቀ በኋላ ስለሚሆነው።

ከሐርላ በላይ መንገዱ ወደ ደንገጎ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚደርስ ዳገት ነው። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ያቃስታል፤ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ። እንዲህ ያለ መንገድ በአገራችን ሞልቷል፤ ጣርማ በርም፣ ዓባይ በረሃም፣ ሊማሊሞም አለ። እናም በየመንገዱ ሰው ይወድቃል። ዜናው ሲነገር «ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ አምስት ሰዎች ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው» ይባላል። የሞቱት ይቀበራሉ፤ ዕድር ይወጣል፤ ሰልስት ይወጣል። «ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው»ስ? ከዚያ ዜና በኋላ የት እንደሚገቡ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከእነሱ አንዱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስሙ አበበ ቢቂላ ነው።

የአበበን ታሪክ ማንኛውንም ሰው ብትጠይቁ በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ ቶኪዮ ላይ ደገመ፤ ከዚያ መኪና ተገልብጦበት ሽባ ሆነና ሞተ። አለቀ። «ሽባ ሆነና ሞተ» በሚለው ውስጥ ግን አራት ዓመት ተኩል ተደብቋል። የእኔ ጉዳይ ከእነዚያ ዓመታት ጋር ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ ሸኖ አካባቢ መኪናዋ ተገለበጠች። ከውስጧ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ያን ሌሊት ሙሉ አንገቱ ተጎድቶ ብረት ውስጥ ተቆልፎ አደረ። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም፤ ጭንቅላቱን እንኳ ማዞር አቃተው። ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። የገባበት ሆስፒታል ስቶክ ማንድቪል ይባላል። እዚያ ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ጎበኘችው፤ ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ካርድ ጎረፈለት። እግሮቹ አልተመለሱም። እጆቹ ግን ተመለሱ። ሲሄድ ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ ሰው ነበር፤ ሲመለስ ተሽከርካሪ ወንበሩን በገዛ እጁ የሚገፋ ሰው ሆኗል።

በእነዚያ ስምንት ወራት ምን ተደረገለት? ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ሩቅ ወደ ኋላ።

የሐርላ ነጋዴዎች ገንዘቧን ይዘው የተገኙባት ግብፅ፣ ከእነሱ እጅግ ቀድሞ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ትታልናለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 አካባቢ በፓፒረስ የተገለበጠው ይህ ጽሑፍ 48 የጉዳት ዓይነቶችን ከራስ ቅል ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ይዘረዝራል። ሐኪሙ በእያንዳንዱ መጨረሻ ፍርድ ይሰጣል፤ ይህን አክመዋለሁ፣ ከዚህ ጋር እታገላለሁ፣ ይህ ግን የሚታከም አይደለም ይላል። አንገቱ ተሰብሮ እጅና እግሩ የማይታዘዙት ሰው ከሦስተኛው ወገን ነው። እንግዲህ ፍርዱ የተሰጠው ያኔ ነው። የሚገርመው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ፍርዱን የሻረው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ጀርመናዊ ወጣት በአንድ የአደጋ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ያገለግል ነበር። ጀርባው የተሰበረ አንድ ጎልማሳ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ መጣ። ሐኪሞቹ በመጋረጃ ከለሉትና ለወጣቱ «አትድከም፣ በጥቂት ሳምንት ይሞታል» አሉት። እንዳሉትም በአምስተኛው ሳምንት ሞተ። ልብ በሉ፤ ሰውየውን የገደለው ስብራቱ አልነበረም። አንድ ጎን ተኝቶ የቆሰለ ገላውና የተመረዘ ሽንቱ ናቸው የገደሉት። ስሜት የሌለው ገላ አይታመምም፤ ስለማይታመም አይገላበጥም፤ ስለማይገላበጥ ይቆስላል፤ ቁስሉ አጥንት ድረስ ዘልቆ ደሙን ይመርዛል። ፊኛውም ራሱን ባዶ ስለማያደርግ ሽንቱ ይጠራቀምና ኩላሊቱን ያበላሻል።

ጉትማን አይሁዳዊ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1939 ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1944 ስቶክ ማንድቪል ውስጥ በኅብለ ሰረሰር ለተጎዱ ወታደሮች ልዩ ክፍል ከፈተ። ምን አዲስ መድኃኒት አገኘ? ምንም። ያዘዘው በየሁለት ሰዓቱ በሽተኛውን ማገላበጥ ነው። ቀንም ሌሊትም፣ እሑድም በዓልም። ራሱ ሌሊት እየመጣ ትእዛዙ መፈጸሙን ያረጋግጥ ነበር ይባላል። ሽንት በንጽሕና ይወጣል። ገላው ይመረመራል። የቀሩት ጡንቻዎች ይሠራሉ። በመጨረሻም ሰውየው ከአልጋ ወርዶ ሥራ ይማራል፤ ይጫወታል። የተጫወቱትም ታሪክ ሆነ። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ በሆስፒታሉ ግቢ 16 ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቀስት ተወዳደሩ።

አሁን ደግሞ ይህን አስተያዩልኝ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ሮም ጉትማን ያሰባሰባቸው ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ውድድር ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው እሱ ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1968 ቴልአቪቭ ላይ በዚሁ ውድድር ተሳትፋለች። አበበ የተገለበጠው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ ነው። ያኔ ሁለቱን መንገዶች ማን ያገናኛቸዋል ብሎ ያስብ ነበር?

አበበ ስቶክ ማንድቪል ሲገባ ሲቲ ስካን የሚባል ነገር አልነበረም። በሲቲ ስካን የመጀመሪያው ታካሚ የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ እዚያው እንግሊዝ ነው። ኤምአርአይማ ጭራሽ አልታሰበም። ስለዚህ አበበን ወንበር ላይ ያስቀመጠው የመሣሪያ ተአምር ነው ለማለት አይቻልም። በየሁለት ሰዓቱ የሚመጡ እጆች ናቸው። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረታችን በሕክምና ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ስለ ጀርባ ይህን ካልኩ ስለ ጭንቅላትም ልበል። በአማርኛ «ራስ» ማለት ጭንቅላትም ነው፣ ማንነትም ነው። የወደቀው ሰው «ራሱን ሳተ» ይባላል፤ ሲነቃም «ራሱን አወቀ»። አባቶቻችን የአንጎል ሐኪም ሳይሆኑ የነገሩን ምሥጢር ከፍተዋል። የጭንቅላት ጉዳት ከሌላው ስብራት የሚለየው ራስን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ትዕግሥተኛው ቁጡ ይሆናል፤ ጨዋታ አዋቂው ዝም ይላል፤ ሒሳብ ሠሪዋ የትናንቱን አታስታውስም። ቤተሰቡ «ልጃችን ተረፈልን» ብሎ ጸሎቱን ያደርሳል፤ ሆኖም ቤት የገባው ልጅ ሌላ ሰው ይሆንበታል። ይህንን የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል፤ ይቀየመዋል።

ደግሞም ጭንቅላት ያታልላል። የወደቀው ተነሥቶ ውኃ ይጠጣል፣ «ደኅና ነኝ» ይላል፣ ይጨዋወታል። ከሰዓታት በኋላ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ አይነቃም። በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም ሲፈስ ቆይቶ አንጎሉን ተጭኖት ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ቅሉን ቀዶ ያንን ደም ማውጣት ሰውየውን ወደ ሙሉ ጤናው ሊመልሰው ይችላል። እዚህ ላይ ነው የሰዓት ዋጋ የሚታወቀው።

እስቲ አሁን ደንገጎ ዳገት ላይ ወደወደቀው ሰው እንመለስ። አገር ይሰበሰባል፤ ሕዝባችን ለወደቀ ሰው ርኅሩኅ ነው። አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ ይይዘዋል። ያገኙት ባጃጅ ከሆነ አጥፈው ባጃጅ ውስጥ ይከቱታል። አንገቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ሆስፒታል ይደርሳል። ስንት ገመድ በዚያች ጉዞ እንደተበጠሰ ፈጣሪ ይወቀው። አያቶቻችን ግን ቃሬዛ ነበራቸው። በሽተኛውን በሁለት አጣና መካከል በተወጠረ ጠፍር ላይ አስተኝተው፣ እየተፈራረቁ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በትከሻ ይወስዱት ነበር። በአንዳንድ ገጠር ዛሬም ይህ አለ። ቃሬዛ ቀርፋፋ ነው። አከርካሪው ለተጎዳ ሰው ግን ተጣጥፎ ከመቀመጥ ተዘርግቶ መተኛት ይሻለዋል። ወጌሻዎቻችንም እጅና እግር ሲሰበር በቀርከሃ አስረው ብዙ ሰው አድነዋል። አንገትና ወገብ ላይ ግን ማሸትና መጠምዘዝ አይገባም፤ ያልተቆረጠውን ገመድ ሊቆርጠው ይችላል።

ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል አላት፤ ሐረር ሕይወት ፋና አለ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው «ሪፈር» ተጽፎለት 500 ኪሎ ሜትር አልፎ አዲስ አበባ ይሄዳል። አዲስ አበባስ ማን ነበረ? ብዙ ጊዜ ማንም አልነበረም ማለት ይቻላል። እስከ 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ድረስ ከ70 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር የነበሩት የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ አገር ውስጥ በዘርፉ ስፔሻሊስት ማሠልጠን ጀመረ። ተመራቂዎቹ ቀስ በቀስ በዙ፤ አንዳንዶቹም ከዋና ከተማዋ ውጪ ወጡ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመው ሆስፒታልም ብዙ የጭንቅላት ጉዳት ያክማል። የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር «አቤት» ሆነ። እኔ ስሙን ወድጄዋለሁ። «አቤት» የተጠራ ሰው መልስ ነው፤ የተበደለ ሰው ጩኸትም ነው።

ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል ነውር ይሆናል። ግን ይህ ሁሉ «ለማትረፍ» ነው። ከተረፈ በኋላስ?

«ተረፈ» የሚለው ቃላችንም እንደ «ራስ» ሁለት ፊት አለው። ከሞት ያመለጠ ሰው ተረፈ ይባላል። ከማዕድ የቀረ እንጀራም ተረፈ ይባላል። እኛ አገር አከርካሪው የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ትርጉም ተርፎ ከሆስፒታል ይወጣል፤ ከዚያ በሁለተኛው ትርጉም ይተርፋል። ጓዳ ውስጥ ይተኛል። እናቱ ወይም ሚስቱ ከሥራዋ ትቀራለች። የመጀመሪያው ወር ጠያቂ ይበዛል፤ ብርቱካኑ አልጋው ሥር ይደረደራል። በሦስተኛው ወር ጠያቂው ይሳሳል። በስድስተኛው ወር ጀርባው ላይ ቁስል ይወጣል። የወገቡ መሰበር ሳያንስ ቅስሙ ይሰበራል። እና አንድ ቀን «ኩላሊቱ አስቸግሮት ነበር» ተብሎ ይቀበራል። የ1917ቱ ከሰል ቆፋሪ የሞተው ሞት ማለት ነው፤ መጋረጃው ብቻ ከሆስፒታል ወደ ቤት ተዛውሯል።

«ተሐድሶ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ስብሰባና ግምገማ ነው። የሕክምናው ተሐድሶ ግን ሰውየው በቀረው አካል ኑሮውን እንዲጀምር ማሠልጠን ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚሸጋገር፣ ሽንቱን በሰዓቱ እንዴት እንደሚያወጣ፣ በመስታወት ጀርባውን እንዴት እንደሚያይ፣ ቤተሰቡም ምን እንደሚሠራለትና ምን እንደማይሠራለት ማስተማር ነው። አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ አይደለችም። መናገሻ ላይ በ1950ዎቹ የተመሠረተው የቼሻየር ማዕከል በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ሲያቆም ኖሯል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስት ያሠለጥናል። ሕጉም አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዟል። የጎደለው እነዚህን ቁርጥራጮች የሚያያይዝ ነገር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ስፌቱን ሲጨርስ በሽተኛውን የሚያስረክበው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ከሌለ የቀዶ ሐኪሙ ድካም ከወራት በኋላ በአንድ የአልጋ ቁስል ይሸነፋል።

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው የሚል ይኖራል፤ ገንዘብማ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከሕክምናዎች ሁሉ በርካሹ ሊጀመር የሚችል ይኼኛው ይመስለኛል። በየሪፈራል ሆስፒታሉ ጥቂት አልጋዎች፣ ማገላበጥን እንደ መድኃኒት በሰዓቱ የምትፈጽም ነርስ፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ ቤተሰብን የሚያሠለጥን ክፍል። ጉትማንም የጀመረው ከዚህ ብዙ በማይበልጥ ነገር ነው፤ ያውም በጦርነት መካከል። የአበበ ዕድል ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ አገር መላካቸው ነበር። ሁሉም ሰው ግን አበበ አይሆንም፤ የደንገጎውን ሾፌር፣ ከፎቅ የወደቀውን የቀን ሠራተኛ፣ ከዛፍ የወደቀውን እረኛ እንግሊዝ የሚልከው የለም።

ያ የተቆረጠው የአበበ ታሪክ እንዲህ ይቀጥላል። በ1962 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በስቶክ ማንድቪል ውድድር ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደ። ተጋባዥ ሆኖ መቀመጥ ግን አልሆነለትም፤ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር ገባና 16 ተወዳዳሪዎችን አሸነፈ። የደጋ ልጅ፣ የማራቶን ጀግና፣ እግሮቹ የማይታዘዙት ሰው፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ አንደኛ ወጣ! ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ፤ ከአደጋው ጋር የተያያዘ ነበር። እኔ «ሽባ ሆነና ሞተ» የሚለውን አጭር ተረክ የምቃወመው ለዚህ ነው። ሰውየው ተጎድቶ ኖሯል። ኑሮውንም ያኖሩት በየሁለት ሰዓቱ የሚገላብጡት ስማቸው ያልተጻፈ ነርሶች ናቸው።

የሐርላን ግንብ ግዙፎች አልሠሩትም፤ ቁመታቸው እንደኛ የሆነ ሰዎች ድንጋይ እየተቀባበሉ ሠሩት። የሆስፒታልም ነገር እንደዚሁ ነው። እኛ ግን ዛሬም ግዙፉን እንፈልጋለን። «ጎበዝ ሰርጀን አገኘን ወይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚጠይቅ ጤና ቢሮ፣ ሆስፒታል፣ ቤተሰብም ያስፈልገናል፦ ከዛሬ ስድስት ወር በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ይህን ሰው የሚያገላብጠው ማን ነው?